ተማሪው የት ያድራል?

እሑድ ከሰዓት በኋላ በአንዲት የወረዳ ከተማ ጫፍ ላይ ቆሞ መንገዱን የተመለከተ ሰው፣ በየሳምንቱ የማይቀር አንድ ነገር ያያል። ከዘጠኝ ሰዓት ገደማ ጀምሮ በየአቅጣጫው ካለው የእግር መንገድ ልጆች ሁለትም ሦስትም እየሆኑ ብቅ ይላሉ። ወንዶቹ በትከሻቸው ማዳበሪያ ተሸክመዋል፤ ሴቶቹ አገልግል በነጠላ ጠቅልለው አዝለዋል። ከተማው ውስጥ ከመግባታቸው በፊት ወንዙ ዳር ተቀምጠው እግራቸውን ታጥበው፣ እስከዚያ ድረስ በእጃቸው ይዘውት የመጡትን ጫማ የሚያጠልቁም አሉ። ነጋዴዎች እንዳይመስልዎት፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው። የተሸከሙትም የአምስት ቀን ምግባቸው ነው።

ባለፈው ሰሞን ለአንድ የግል ጉዳይ ወደ እንዲህ ያለች ከተማ ሄጄ አራት ቀን ሰንብቼ ነበር። የከተማዪቱን ስም አልናገርም። ስለ ትምህርት ቤቱም ሆነ ስለ ቤት አከራዮቹ ጥቂት የማይጥም ነገር መናገሬ አይቀርምና። ደግሞም ስሟን የተናገርሁ እንደሆነ፣ አንባቢዬ «ይህማ የእነዚያ ችግር ነው» ብሎ ገጹን ይገለብጥብኛል። ስሟን ካልተናገርሁ ግን ከወረዳ ከተማ ተምሮ የመጣ ሁሉ የራሱን ከተማ ስም ሊተካበት ይችላል።

እውነቱን ለመናገር፣ በመጀመሪያ ልጽፍ ያሰብሁት ስለ ሌላ ነገር ነበር። በትምህርት ቤቱ በር ላይ ቀለሙ የደበዘዘ ሰሌዳ አለ። «አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት» ይላል። ሁለት ሦስት ተማሪዎችን አስቁሜ «አጠቃላይ ማለት ምን ማለት ነው?» ብዬ ብጠይቃቸው አንዱ «እንዲያው ስሙ ነው» አለኝ። ሌላው ጥቂት አሰበና «ሁላችንንም አንድ ላይ አጠቃልሎ የያዘ ማለት ይሆናል» አለ። የሁለተኛው መልስ ከእውነቱ ብዙ አልራቀም።

ቃሉ የመጣው በ1950ዎቹ ዓመታት ነው። በዚያን ጊዜ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማለት ተማሪን ለዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የሚያዘጋጅ ቤት ማለት ነበር። ነገር ግን ለማትሪክ ከሚቀርቡት ውስጥ ብዙዎቹ እንደማያልፉ ሲታይ፣ «የቀረው ልጅ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ለምን ይመለሳል?» የሚል ጥያቄ ተነሣ። ስለዚህም ከሂሳቡ፣ ከእንግሊዝኛውና ከሳይንሱ ጎን እርሻ፣ ንግድ፣ የቤት አያያዝ፣ የእንጨትና የብረት ሥራ በአንድ ግቢ ውስጥ ተጠቃለው እንዲሰጡ ታሰበ። «አጠቃላይ» የተባለው በዚህ ምክንያት ነው። የደሴው ወይዘሮ ስኂን፣ የጎንደሩ ፋሲለደስ፣ የደብረ ታቦሩ ዳግማዊ ቴዎድሮስ፣ የደብረ ብርሃኑ ኃይለ ማርያም ማሞ ይህን ስም ተሸክመው በሺህ የሚቆጠሩ ልጆች አሳድገዋል። ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ የአሜሪካ የሰላም ጓዶች፣ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የሚፈጽሙት የራሳችን ወጣቶች ወደየጠቅላይ ግዛቱ ወርደው ማስተማራቸው፣ እነዚህን ትምህርት ቤቶች ነፍስ ዘርቶባቸው ነበር።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሙያውን ለቴክኒክና ሙያ ተቋማት ለይቶ ሰጠ። የሁለተኛ ደረጃዎቹ ወርክሾፖችም በየቦታው ተቆለፉ። አሁን ደግሞ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሙያ ነክ ትምህርትን በላይኞቹ ክፍሎች መልሶ አምጥቷል። እኔም እንግዲህ የተቆለፈው ቤት እንዴት እንደሆነ ለማየት ፈልጌ ዘበኛውን ለመንሁት። ቁልፉን ፈልጎ እስኪያገኝ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየ። ሲከፈት የተሰባበረ ዴስክ እስከ ጣራው ተከምሯል። በአንዱ ጥግ ሞርሳ ከብረት ጠረጴዛው ጋር እንደተበሎነ ዝጎ ቆሟል። በሌላው ጥግ እግሩ የወለቀ የልብስ ስፌት መኪና አለ። በዚህ ላይ አንድ ሙሉ ጽሑፍ ይጻፋል ብዬ ማስታወሻዬን አወጣሁ።

ታዲያ ዓርብ ዕለት ከምሳ በኋላ አንድ የሂሳብ መምህር ሊያስተምር ወደ ክፍል ሲገባ አብሬው ገባሁና ሐሳቤ ተለወጠ። ክፍሉ ግማሹ ባዶ ነበር። መምህሩ ስም ሳይጠራ ጠመኔውን አንሥቶ ጀመረ። ከክፍል ስንወጣ «የቀሩት ወዴት ሄዱ?» አልሁት። «ገጠሬዎቹ ናቸው፤ ዓርብ ስድስት ሰዓት ሲሆን ይነሣሉ። አራት ሰዓት ተጉዘው፣ ሳይመሽባቸው ቤታቸው መግባት አለባቸው። እኔ ምን ብዬ እይዛቸዋለሁ? ስንቃቸው አልቋል» አለኝ። «ሰኞ ጠዋትስ?» ብለው፣ «እሑድ ወንዙ ሞልቶ ያልተሻገረ ሰኞ ጠዋት ተነሥቶ በአራት ሰዓት ይደርሳል» አለ።

እስቲ አንባቢዬ ይህን ያስሉት። ከዓርብ ግማሽ ቀን፣ ከሰኞ ግማሽ ቀን ሲወሰድ፣ ከአምስት የትምህርት ቀን አንዱ ሄደ ማለት ነው። በኅዳር የጤፍ አጨዳ ሲደርስ የሚቀሩበት ሳምንት በዚህ ላይ ይጨመራል። እንግዲህ የገጠሩ ልጅና የከተማው ልጅ አንድ ደብተር፣ አንድ መምህር፣ አንድ ፈተና ይኑራቸው እንጂ የትምህርት ዓመታቸው አንድ አይደለም።

መምህሩ በዚያው ዕለት ወደ ቤት ካልሄዱት ተማሪዎቹ አንዷን አስተዋወቀኝ። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት። አባቷ ለገበያ ቅዳሜ ስለሚመጡ የዚያን ሳምንት ስንቅ እርሳቸው በአህያ ያመጡላታል፤ ስለዚህ አልሄደችም። ታናሽ ወንድሟ ዘጠነኛ ክፍል ነው። የአክስታቸው ልጅ አሥረኛ ነው። ሦስቱ አንዲት የጭቃ ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። ክፍሏን ከደጅ ሆኜ አየኋት። ሁለቱ ወንዶች የሚተኙባት የመደብ አልጋ፣ ለእርሷ በጥግ በኩል የተጠቀለለ ፍራሽ፣ አንድ የከሰል ምድጃ፣ ሁለት ጀሪካን፣ ግድግዳው ላይ በምስማር የተሰቀለ የደንብ ልብስ አለ። ኪራዩ ከአምናው በመቶ ብር ጨምሯል። ባለቤቲቱ ከጎናቸው ጠላ ይሸጣሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠጪው እስከ እኩለ ሌሊት ይዘፍናል። አምፖል አላቸው፤ ግን መብራቱ ከሦስት ሰዓት በኋላ «ቆጣሪ ይበላል» ተብሎ ይጠፋል።

ስለ ምግቡ ጠየቅኋት። ሒሳቡን እንደ ትምህርት ደርድራ ነገረችኝ። «ጋሼ፣ እሑድና ሰኞ እንጀራው ደኅና ነው። ማክሰኞ ይደርቃል፣ ግን ይበላል። ረቡዕ ሻጋታ ሊጀምረው ሲል ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ። ሐሙስ ድርቆሽ ፍርፍር እንበላለን። ዓርብ ቆሎ ወይም በሶ ነው።»

«በክረምት ፀሐይ ባይኖርስ?» አልኋት።

«እንግዲያማ ረቡዕ እናልቃለን» አለችና ሳቀች። የምታልቀው እንጀራዋ ናት ወይስ እነርሱ ናቸው፣ አልጠየቅኋትም።

የእርሷ ቀን የሚጀምረው ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ቦኖው ሳይጨናነቅ ውኃ ትቀዳለች፣ ቁርስ ታቀርባለች፣ ወደ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ስትመለስ ሽሮ ትሠራለች፣ የሦስቱን ልብስ ታጥባለች። ወንዶቹ በዚያች ሰዓት ያጠናሉ። መብራቱ ሊጠፋ ጥቂት ሲቀረው ደብተሯን ትገልጣለች። ይህን ሁሉ ስትነግረኝ ምሬት አልነበረባትም፤ የዓለም ሥርዓት እንዲያ የሆነ ይመስላታል። ብቻ አንድ ነገር ዝቅ ባለ ድምፅ ጨመረችልኝ። ባለፈው ዓመት አብራት ከሌላ ቀበሌ የመጣች ልጅ ብቻዋን ተከራይታ ትኖር ነበር። ማታ ማታ በሩን የሚደበድብ ሰው አስቸገራት። ለማን ትናገር? አከራይዋ «አንቺ ምን አሳይተሽው ነው?» አሏት። በፋሲካ ሰሞን ወደ ቤቷ እንደሄደች አልተመለሰችም። ወዲያው ተዳረች ይባላል። በትምህርት ቤቱ መዝገብ ላይ ግን በስሟ ትይዩ የተጻፈው «አቋርጣለች» የሚል አንድ ቃል ነው።

እኔም ራሴ ከዚያ ዓይነት ክፍል የወጣሁ ሰው ነኝ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አራት ሆነን በአንዲት ክፍል ስንኖር በኩራዝ ነበር የምናነበው። ጠዋት አፍንጫችንን ስንጠርግ ጥላሸት ይወጣ ነበር። ከአራታችን ጎበዙ እኔ አልነበርሁም። ሂሳብ የሚያስረዳን፣ መምህሩ ሲሳሳት እጁን አንሥቶ በትሕትና የሚያርም ልጅ ሌላ ነበር። አሥረኛ ክፍል ሳለን እናቱ ታመሙ። እኅት አልነበረችውም፤ እንጀራ የሚጋግርለት ጠፋ። ሁለት ሳምንት ያህል ከእኛ ስንቅ እያካፈልነው ቆየ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ፣ የእኛም ሐሙስን የማይሻገር መሆኑን ያውቅ ስለነበረ፣ ሳይነግረን ሄደ። ያለ አንድ ምጣድ እንጀራ ምክንያት አንድ መሐንዲስ ይሁን አንድ ሐኪም ቀረ። ይህን ለሰው ስናገር «ዕድል ነው» ይሉኛል። እኔ ግን ዕድል ነው ብዬ አላምንም።

አባቶቻችን ይህን ነገር ከእኛ የተሻለ ያውቁት ነበር ብል ማጋነን አይደለም። የቆሎ ተማሪ ከአገሩ ርቆ ወደ የኔታ ዘንድ ሲሄድ ማደሪያው ምን እንደሆነ የታወቀ ነው፤ በጉባኤው ዙሪያ ከጓደኞቹ ጋር የሚሠራት ትንሽ ጎጆ። ምግቡም የታወቀ ነው፤ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ዱላውን ለውሻው ይዞ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ይለምናል። መከራው ብዙ ነበር። ውሻው፣ ቸነፈሩ፣ ረኃቡ ስንቱን በልጅነቱ ቀጥፏል። ስለዚህ ወደዚያ እንመለስ አልልም። ነገር ግን ልብ ሊባል የሚገባው፣ በዚያ ሥርዓት የመንደሩ ሰው ሁሉ «ተማሪን ማብላት የእኔም ግዴታ ነው» ብሎ ማመኑ ነው። ባለጸጋዋም ድኻዋም ቁራሽ ለይታ ታስቀምጣለች። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሲመጣ ልመናው ነውር ሆነ፤ መልካም ነው። በልመናው ፋንታ ግን የተተካ ነገር የለም። የከተማው ሰው ለቆሎ ተማሪ ቁራሽ ይሰጥ የነበረው ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ክፍል ማከራየት ጀመረ።

መንግሥትም ቢሆን በመጀመሪያ ጊዜ ነገሩን አልዘነጋውም ነበር። በ1935 ዓ.ም. ኮተቤ ላይ የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና በ1938 ዓ.ም. የተከፈተው ጄኔራል ዊንጌት አዳሪ ነበሩ። ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጣው ልጅ አልጋውም ምግቡም በዚያው ነበር። ከዚያ በኋላ ሁለተኛ ደረጃ በየክፍለ ሀገሩ ሲስፋፋ፣ «ትምህርት ቤቱ ወደ ልጁ ሄደ፤ ስለዚህ አዳሪ አያስፈልግም» የተባለ ይመስላል። እውነት ነው፣ ትምህርት ቤቱ ከአዲስ አበባ ወደ አውራጃው፣ ከአውራጃው ወደ ወረዳው ሄዷል። ግን እስከ ልጁ ደጃፍ አልደረሰም። የአራት ሰዓት መንገድ ቀርቶታል። ሕንፃው ሲሠራ የመማሪያ ክፍሉ፣ የመምህሩ ደመወዝ፣ የቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ በበጀት ተይዟል፤ የአራቱ ሰዓት መንገድ በማንም በጀት አልተያዘም። የያዘችው እናት ናት፤ በምጣዷ።

የፈተናውን ነገር አንባቢዬ ያውቃሉ። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከተቀመጡት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ወደ 3.2 ወረደ። በመጀመሪያው ዓመት ከ1100 በላይ፣ በሁለተኛው ከ1300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በጊዜው ሁሉም የየራሱን ምክንያት አቀረበ። አንዱ መምህሩን፣ አንዱ ኩረጃን፣ አንዱ ስልክን፣ አንዱ ጦርነቱን ወቀሰ። ሁሉም ጥቂት ጥቂት እውነት አላቸው። እኔ ግን ትኩር ብዬ ያየሁት የላይኛውን ጫፍ ነው። ተማሪዎቻቸውን በሙሉ ካሳለፉት በጣት ከሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች መካከል አዳሪዎች ይገኙባቸዋል። በርግጥ አዳሪዎቹ ተማሪያቸውን በፈተና መርጠው ነው የሚያስገቡት፤ ስለዚህ ውጤቱ የአልጋና የምግብ ብቻ ነው ብሎ መደምደም ሚዛን ማጉደል ይሆናል። ቢሆንም የተመረጠው ልጅ ራሱ ረቡዕ ዕለት እንጀራውን ፀሐይ ላይ እያሰጣ ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ያመጣ ነበር? እኔ የክፍል ጓደኛዬን ስለማስታውስ መልሱን አውቀዋለሁ።

የትምህርት ቤት ምገባ የሚባል መልካም ሥራ መጀመሩንም አልክድም። በአዲስ አበባ በሰፊው ሲሠራበት የምናየው ለታናናሾቹ ነው፤ ለቅድመ አንደኛና ለአንደኛ ደረጃ። እነርሱ ማታ ቤታቸው ይገባሉ። ማታ ቤቱ የማይገባው የሁለተኛ ደረጃው ነው።

«ታዲያ በየወረዳው አዳሪ ይሠራ ልትል ነው? ገንዘቡ ከየት ይመጣል?» የሚለኝ አይጠፋም። እኔ የማስበው ሦስት ፎቅ ሕንፃ አይደለም። አንድ የቆርቆሮ ረጅም ቤት፣ ለሴቶች የተለየ በር፣ አንዲት እናት ተቆጣጣሪ፣ የጋራ ማብሰያ ቦታ፣ ማታ የማይጠፋ አምፖል ብቻ ነው። ቤተሰብ እህሉን ያዋጣል፤ ዛሬም እያዋጣ ነው፣ ብቻ ጋግሮ በልጅ ጀርባ ይልከዋል። እህሉ ሳይጋገር በአህያ ቢመጣና እዚያው ቢጋገር፣ ሻጋታ የሚበላው እንጀራ ይተርፋል፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላም ይተርፋል። ይህን ለትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ባቀርብላቸው አልተቃወሙኝም። «የሚሠራበት መደብ ካገኘሁ» አሉኝ። መደብ ያሉት የበጀት መደብ ነው።

እስከዚያው ድረስ የተደረገ አንድ ነገር ስላለ እርሱን ልንገርዎት። በዚያች ከተማ በወረዳው ጽሕፈት ቤት የተቀጠሩ ሁለት ወጣቶች አሉ፤ አንዱ የእርሻ ባለሙያ፣ አንዷ የሒሳብ ሠራተኛ። ሁለቱም በኪራይ ቤት ተምረው የመጡ ናቸው። ከሁለት ወር በፊት ተነጋግረው ያን የተቆለፈ ወርክሾፕ ማታ ማታ ለጥናት እንዲከፈት ጠየቁ። ዘበኛው ቁልፉን ሲፈልግ ግማሽ ሰዓት የፈጀው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ፤ ማታ የሚከፍቱት እነርሱ ስለሆኑ ቁልፉ ከእነርሱ ዘንድ ነበረ። ፈቃዱ ግን ቀላል አልነበረም። የንብረት ኃላፊው «በሰነድ የተመዘገበ ዕቃ አለ፤ ሞርሳው ቢጠፋ ማን ይጠየቃል?» ብለው ሦስት ሳምንት አዘገዩአቸው። ያን ሞርሳ ያየሁት በዓይኔ ነው። የሚሰርቀው ተማሪ ቢገኝ ስፖርት መምህሩ ለክብደት ማንሣት ይመርጡት ነበር። በመጨረሻ ልጅቱ በደመወዟ የምትጠየቅበትን ወረቀት ፈርማ ተረከበች። የተሰባበረውን ዴስክ ከፊሉን ወደ ኋላ ገፍተው፣ ከፊሉን ራሳቸው በምስማር መትተው ለሠላሳ ሰው የሚሆን ቦታ አወጡ። የእንጨት ሥራ በዚያ ቤት እንደገና የተጀመረው እንግዲህ በዚህ ዓይነት ነው።

ሐሙስ ማታ ሄጄ አይቼዋለሁ። ሁለት አምፖል ይበራል። ልጆቹ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ያነባሉ። ሲያበቃ ዘበኛው ሴቶቹን እስከየበራቸው ያደርሳል፤ ይህንንም ያሰበችው ያችው የሒሳብ ሠራተኛ ናት። ሴቶቹ ግን አምስት ነበሩ፤ ወንዶቹ ሃያ ያህል። ያን ጊዜ ምክንያቱ አልገባኝም ነበር። ዓርብ ከዚያች የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ጋር ስተዋወቅ «አንቺስ ማታ ትሄጃለሽ?» ብዬ ጠየቅኋት። «ወንድሜ ይሄዳል። እኔ ሽሮው አለብኝ» አለችኝ።

ወንድሟ በር ላይ ቆሞ ይሰማ ነበርና ወደ እርሱ ዞሬ «አንተስ ሽሮ መሥራት አትችልም?» አልሁት። ልጁ አንገቱን ደፋ። ጥቂት ቆይቶ «ጋሼ፣ ሰው ቢያየኝስ?» አለኝ።

እኔ መልስ ሳላገኝ እኅቱ ቀደመችኝ፤ «በሩን ዘግተህ ሥራ!» አለችው።

ከከተማዪቱ እስከተነሣሁበት ቀን ድረስ ማክሰኞና ሐሙስ የእርሱ ተራ እንዲሆን ተስማምተዋል። ሽሮው ምን እንደሚመስል አልቀመስሁም።